ያልሰረዝኩት ሙከራ

ማክሰኞ፣ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ነገሌ ቦረና

ሰርቨሩ ተነሣ። ሦስት ጊዜ መብራት ሄዶ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጀምሬ፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት መስመር ትዕዛዝ ጻፍኩና ፕሮግራሙ ወርዶ ተጫነ። የወረደው ከውጭ አገር አይደለም፣ ጠረጴዛዬ ሥር ካለው ከራሳችን ሳጥን ነው። ከእንግዲህ ኔት በጠፋ ቁጥር እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ቦሬም፣ ሜጋም፣ ተልተሌም ያሉት የእንስሳት ጤና ጣቢያዎቻችን መስመር ባገኙባት ሩብ ሰዓት የሚፈልጉትን ከእኛው ይወስዳሉ። ቢሮው ውስጥ ሰው ስላልነበረ ብቻዬን ለራሴ አጨበጨብኩ።

ለመሞከሪያ የጫንኩት የመጠን ማስያውን ነው። ባለሙያው የፍየሏን ደረት ለክቶ ያስገባል፣ ፕሮግራሙ ስንት ሚሊ ሊትር የትል መድኃኒት እንደምትጠጣ ይነግረዋል። ቁጥር ስጪ ሲለኝ የኮምፒውተሩን ቀን አየሁና 2024.2.27 ብዬ ሰጠሁት። ለሙከራ ነው። ነገ ይሰረዛል።

ዓርብ፣ የካቲት 22

ስብሰባ ነበር። ኃላፊያችን አቶ ዓብዱልባሲጥ "እስቲ ይህን ነገር ሰው በሚገባው ቋንቋ አስረጂኝ" አሉኝ። የነጋዴ ልጅ ናቸው፣ በሚያውቁት ገባሁላቸው።

"የግል ሬጂስትሪ የምንለው መጋዘኑ ነው። ፓኬጅ ማኔጀሩ ደግሞ ተላላኪው ነው። 'የመጠን ማስያውን አምጣ' ሲሉት መጋዘን ይገባና ከመደርደሪያው ትልቁን ቁጥር ይዞ ይመጣል። ትልቁ ቁጥር ማለት አዲሱ ማለት ነው።"

"ብልጥ ነው?"

"ኧረ ምንም አያስብም። የታዘዘውን ብቻ ነው።"

"ይሻላል። የእኔን ሱቅ የጨረሱት ብልጦቹ ናቸው።" ሁሉም ሳቀ።

ከዚያ የቁጥሩ ጉዳይ መጣ። የሜጋው ሀምዛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን እንቁጠር አለ። እኔ ተነሥቼ ፕሮግራሙ የወጣበትን ቀን በራሳችን አቆጣጠር እናድርገው አልኩ። የጣቢያው ባለሙያ የመጋቢት ይሁን የሚያዝያ አንብቦ ይወቅ፣ ምን በወጣን በሰው ዘመን እንቆጥራለን አልኩ። አጨበጨቡልኝ። አቶ ዓብዱልባሲጥ "የሃምሳ አለቃ ደሳለኝ ልጅ አይደለሽ" አሉ። አባቴን የጦር ካምፑ ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፣ እስከ ማታ ድረስ ደስታው አልለቀቀኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ዐቢይ ጾምና ረመዳን ዛሬ አብረው ገቡ። ቢሮው በሙሉ ጾመኛ ሆነ። ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ "እናንተስ ትጸድቃላችሁ፣ እኔ ምን ልብላ" አለች።

አዲሱ መድኃኒት ደረሰ። ጠርሙሱ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ጥንካሬው ግን እጥፍ ነው። መጠኑ በግማሽ መቀነስ አለበት። የእንስሳት ሐኪሙ ሁለቴ መጥቶ አስጠነቀቀኝ። ድርቅ ያከሳው ፍየል እጥፍ ከጠጣ አይተርፍም አለ።

የሚሠራ፦ ማስያውን ማስተካከል። የሙከራውን መሰረዝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

የተስተካከለው ወጣ። ቁጥሩ 2016.7.4። ቦሬ ኔትወርክ ስለሌላቸው በፍላሽ አድርጌ በመኪና ላክሁላቸው። ሀምዛም እዚሁ ስለነበር የሜጋን በፍላሽ ይዞ ሄደ። ተልተሌ ግን በትዕዛዝ ብቻ ይጫናል፣ በዚህ መንገድ የሚጭን የመጀመሪያው ጣቢያ ማለት ነው።

እዚያ ያለችው ኢክራም ናት። ሁለት ዓመት አጠገቤ አስቀምጬ ያስተማርኳት፣ ጥር ላይ የመጀመሪያ ሥራዋን የያዘች። እናቷ እማማ ሸምሳ እዚህ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ባዩኝ ቁጥር "ልጄን ሰው አደረግሽልኝ" ይሉኛል። ትዕዛዙን በስልክ ፊደል በፊደል ነገርኳት፣ ጽፋ መልሳ አነበበችልኝ።

የሙከራው አሁንም አለ። ነገ።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ጥድፊያ። ኢክራም ደወለች፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ስለ ቁጥር ምናምን ትላለች። እኔ ከሾፌሩ ጋር በነዳጅ እየተጨቃጨቅኩ ነበር። "ትዕዛዙን አስገባሽ?" "ሦስት ጊዜ አስገባሁ እትዬ፣ ግን..." "ካስገባሽ በቃ፣ አትነካኪው" ብዬ ዘጋሁት። ይህቺ ልጅ ፈሪ ናት። እንዲህ እያለች ሥራ አትለምድም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ተልተሌ ፍየል አለቀ። ጉያቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ድርቁ ከብቶቿን ጨርሶባት በፍየል የቀረች። ከሠላሳ አንዱ ዐሥራ ዘጠኙ ሞቱ። ጠዋት መድኃኒቱን ጠጡ፣ ቀትር ሳይሆን አረፋ ደፍቀው ወደቁ። መጠኑን ከማስያው አንብባ የነገረችው ኢክራም ናት። ደውላ ታለቅሳለች፣ ቃል አይወጣትም። ከኋላዋ የሴቶች ጩኸት ይሰማል።

መድኃኒቱ ራሱ ይሆናል። ወይም ውኃው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ሰው ሁሉ ለሶላትና ለእረፍት ሲወጣ ብቻዬን ቀርቼ የሰርቨሩን ሎግ ከፈትኩ። ሎጉ እንደ ዘበኛ ደብተር ነው፣ ማን መጣ፣ ምን ወሰደ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉንም ይጽፋል። የተልተሌ ማሽን መጋቢት 6 ሦስት ጊዜ መጥቷል። ሦስት ጊዜም የወሰደው 2024.2.27ን ነው።

እኔ ያልሰረዝኩትን።

ለተላላኪው 2024 ከ2016 ይበልጣል። የእኛ ዘመን፣ የፈረንጅ ዘመን፣ እሱን ምን አገባው። ትልቁን አምጣ ብዬዋለሁ፣ ትልቁን ወሰደ። መጠኑን በግማሽ የቀነስኩበት አዲሱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ አሮጌውን ሰጣት። ዓመቱን ሙሉ ብታዝዘው አሮጌውን ነበር የሚሰጣት። ፍየሎቹ እጥፍ ጠጡ።

"ግን..." ያለችኝ ይህንን ነበር። የመጣላትን ቁጥር አይታ፣ ከነገርኳት ጋር አልገጥም ብሏት፣ ልትጠይቀኝ ነው የደወለችው። ሥራዋን በትክክል ነው የሠራችው። ያላለቀ ዓረፍተ ነገሯን አፏ ላይ የዘጋሁባት እኔ ነኝ።

ሎጉን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ፣ ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም። ዓርብ ስብሰባ አለ፣ ዓርብ እናገራለሁ። ዛሬ ሁሉም ተቆጥቷል፣ ቁጣ መሃል ማስረዳት ይከብዳል። ሎጉ እንደሆነ የትም አይሄድም። ሠላሳ ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ነው ራሱን የሚሰርዘው።

ዓርብ፣ መጋቢት 13

አልተናገርኩም።

ኢክራም በስልክ ነበረች፣ ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው መሃል አስቀመጧት። አቶ ዓብዱልባሲጥ "አዲሱን ጭነሻል ወይስ አልጫንሽም?" አሏት።

"ትዕዛዙን ሦስት ጊዜ አስገብቻለሁ ጋሼ። የመጣው ቁጥር ግራ ቢገባኝ እትዬ ኑኃሚንን ደውዬ ጠይቄያታለሁ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "ጠይቃሻለች?"

"ብዙ ጊዜ ትደውላለች። ይህን ለይቼ አላስታውስም።"

"ትዕዛዙን ካስገባች አዲሱ አይመጣላትም ነበር?"

"መምጣት ነበረበት።"

ሁለተኛው ውሸት አይደለም። መምጣት ነበረበት። የመጀመሪያው ግን ውሸት ነው። አስታውሳለሁ። ከሾፌሩ ጋር የተጨቃጨቅኩበትን ሊትር ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ኢክራም ከስልኩ ውስጥ "እሺ" አለች። አፌ ደርሶ የነበረውን ነገር በምራቄ ዋጥኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

የሙከራውን ፓኬጅ ሰረዝኩ። አደገኛ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ጣቢያ እንዳይወስደው። ማጽዳት ነው እንጂ መደበቅ አይደለም። ማንም ቢሆን ያደርገው ነበር።

ሎጉን አልነካሁትም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። በኦሮምኛ ነው፣ የካምፕ ልጅ አትሰማም ብለው ነው መሰለኝ። እዚሁ ተወልጄ አልሰማም? ስናገር ነው እንጂ የምንተባተበው፣ ስሰማ አንድም አያመልጠኝ።

"የሸምሳ ልጅ፣ ያቺ ተማረች የተባለችው።"

"ስልኳን እየነካካች ነው አሉ መድኃኒቱን ያዘዘችው።"

"እናቷ በምን ዓይኗ ሱቅ ትከፍታለች?"

ቤቴ ሳልደርስ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። አጠፋኋት እኮ። ይህንን ጽፌ ደግሜ አነበብኩት፣ "ጠፋች" ብዬ ልጽፍ ነበር።

ሰኞ፣ መጋቢት 23

"የኮምፒውተር ክፍል አስተያየት" የሚል ወረቀት መጣልኝ። ሁለት መስመር ነው። በሥርዓቱ በኩል ጉድለት አልታየም ይላል። እኔ አልጻፍኩትም፣ ተጽፎ ነው የመጣው። ፈረምኩ። ማኅተም አረፈበት። በዚያ ወረቀት ኢክራም ከሥራ ተሰናበተች።

አባቴ አንዴ ሌላ ወታደር ሊቀጣበት በነበረ ጥፋት ከሰልፍ ወጥቶ "እኔ ነኝ" ብሎ ሦስት ቀን ታስሯል ይሉታል። እኔን ማንም አላሰረኝም። ደመወዜም አልተነካም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 26

ሎጉን ልገለብጠው ፍላሽ ሰካሁ። ሦስት መስመር ናት፣ አንድ ደቂቃ አትፈጅም። ሀምዛ በበሩ ብቅ ብሎ "አካም፣ ናጋ?" አለኝ። ነቀልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ መልሼ መሰካት እችል ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 29

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የንስሐ አባቴ "ምነው ከሳሽ?" አሉኝ። "ጾሙ ነው አባ" አልኳቸው። መስቀል ተሳልሜ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 2

ኢድ ነው፣ ቢሮ ዝግ። ሀምዛ ደውሎ ነገረኝ። የኢክራም ቤተሰቦች ከአጎቷ ከጃዋር መንጋ ዐሥር ፍየል ነድተው ለጉያቱ ሰጥተዋል። ጎሊቻ የሚባሉ የአገር ሽማግሌ ባሉበት ተረከበች፣ ተመራርቀው ተለያዩ። የእነሱ ወግ ነው። ሰው በእጅህ ሲጎዳ፣ አጠፋሁ አላጠፋሁ ብለህ ሳትከራከር ቀድመህ ትደርስለታለህ።

ቢሮ ውስጥ ግን "ካላጠፋች ለምን ሰጠች?" መባሉ አይቀርም። እኔም ይህ እንደሚረዳኝ ገብቶኛል፣ ገና ሀምዛ ሳይጨርስ ነው የገባኝ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። በእኔ በተዘጋው አፍ ዐሥር ፍየል ገባበት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ሎጉ የለም። ጠዋት ከፍቼ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። የተልተሌ ሦስቱ መስመሮች ጠፍተዋል።

ይህን መጻፍ አለብኝ፦ እፎይ አልኩ። ከልቤ ተነፈስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሻይ አዝዤ ሁለት ስኳር ጨመርኩበት። አንዴ ፉት ብዬ አስቀመጥኩት። ሰው ደስ ያለውን ነገር ለማንም መናገር ካፈረ፣ ምን ዓይነት ደስታ ነው ያለው?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 15

ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ዛሬ ተናገርኩ፣ እንዴት እንደሆነ ግን ሳልቀንስ ልጻፍ።

አቶ ዓብዱልባሲጥ ለጣቢያዎቹ ሁሉ ሥልጠና አዘጋጂ ብለውኝ ነበር፣ "የተልተሌው ስህተት እንዳይደገም" የሚል። ጠዋት ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ገጽ ጀመርኩ። "ባለሙያዋ ትዕዛዙን ባለማስገባቷ" ብዬ ጻፍኩ። ጣቶቼ ራሳቸው ነው የጻፉት፣ እኔ እንኳ አላቅማማሁም። ሳነበው ደነገጥኩ። በአንድ ወር ውስጥ የራሴን ውሸት እንደ ትምህርት ላስተምረው ደርሻለሁ። ተነሥቼ ቢሯቸው ገባሁ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሙከራውን፣ ሁለቱን ዘመን፣ ስልኩን፣ አላስታውስም ያልኩትን። ብዕራቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ማስረጃው የት አለ?"

"ፓኬጁን ሰርዤዋለሁ። ሎጉም ጊዜው አልፎ ጠፍቷል።"

ፈገግ አሉ። በጥሩ ዓይን ነው ያዩኝ፣ የከፋው እሱ ነው። "ኑኃሚን፣ ልብሽን አውቀዋለሁ። ልጅቷን አንቺ ነሽ ያሳደግሻት። ለእሷ ብለሽ ራስሽን እሳት ውስጥ አትክተቺ። ሪፖርቱም ወደ በላይ ሄዷል።"

"አቶ ዓብዱልባሲጥ፣ እውነቴን ነው የምልዎት።"

"እንዳንቺ ያለ ሰው ነው ዛሬ የጠፋው" አሉኝ።

የፈረምኩትን አስተያየት የሚሽር ደብዳቤ ጽፌ መዝገብ ቤት ወሰድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሐረገወይን አንብባው ማኅተሟን እንደያዘች ቀና አለች። "ይህን ያህል ትወጃታለሽ?" አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ወሬው ቢሮውን አዳርሶ ሰዎች በር ላይ ሲያገኙኝ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል።

ማስረጃ በእጄ እያለ ሃያ አምስት ቀን ዝም አልኩ። ማስረጃው ሲጠፋ ተናገርኩ፣ ይኸው ጻድቅ ሆኜ አረፍኩት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 18

ኢክራም ጋ ደወልኩ። ሜጋ ናት፣ በአጎቷ በጃዋር ጎማ ቤት ትሠራለች። "አካም እትዬ" አለች፣ ድምፅዋ ደህና ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ጎማ የሚነፋው ሞተር ከኋላዋ ይጮኻል፣ እስኪቆም ጠበቀች።

"አውቄ ነበር" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ፍየሎቹ የሞቱ ዕለት ማታ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቼ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ተናገርኩ እኮ እትዬ። አላስታውስም አልሽ።"

ለማስጨነቅ አላለችውም፣ የጠየቅኳትን ነው የመለሰችው። ደብዳቤውን ነገርኳት፣ እንዳላመኑኝ ነገርኳት።

"ቢሮው ባያምን ግድ የለኝም፣ እዚያ አልመለስም። እናቴ ግን አምናቸዋለች። ፍየሎቹን የሰጠነው ስላጠፋሁ ይመስላታል። ሱቁን ትከፍታለች እንጂ ቀና ብላ ሰው አታይም አሉኝ። ለእሷ ንገሪልኝ።" ከዚያ ደንበኛ መጣብኝ ብላ ዘጋች።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ሰሙነ ሕማማት ገባ። መጨባበጥና መሳሳም የለም። ለእኔ ጠቀመኝ፣ እማማ ሸምሳን ሳልስማቸው ሱቁ በር ላይ ቆምኩ።

ጨርቅ እየለኩ ነበር። እኔ ስናገር እሳቸው መለካታቸውን አላቆሙም፣ ስጨርስ ግን ጨርቁ ሳይቆረጥ እጃቸው ላይ ነበር። አጥፈው መደርደሪያው ላይ መለሱት።

"ለቢሮው ነግረሻል?"

"ነግሬያለሁ። አላመኑኝም።"

"እኔ አምኜሻለሁ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለራሱ አይፈጥርም።"

ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ሱቁን ቆለፉት። "ኮቱ" አሉኝ። "ነይ።"

መጀመሪያ የወሰዱኝ አጠገባቸው ወዳለው ሸቀጥ ሻጩ ኩራ ነው። "ያልሽኝን ንገሪው" አሉ። በአማርኛ ጀመርኩ። ክንዴን ያዙኝ። "በኦሮምኛ። ልጄን ያሟት በኦሮምኛ ነው።"

"በሌሳን ኪያ" አልኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የቀረውን እየተንተባተብኩ ጨረስኩት። ሦስት ጊዜ ቃል ጠፍቶኝ ሦስቱንም እማማ ሸምሳ አላቀበሉኝም፣ ራሴ እስካገኘው ጠበቁ። ኩራ እስከ መጨረሻው ሰምቶ "አሁን ነው የምትነግሪን?" አለኝ። አዎ፣ አሁን ነው አልኩት።

ከዚያ ወደሚቀጥለው ሱቅ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። አንዷ ሴት አነጋገሬ አስቋት አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ እማማ ሸምሳ እስክትጨርስ ጠብቀው እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። አንዱ ሽማግሌ ወንበር ሰጡኝ፣ አልተቀመጥኩም። ሰባት ሱቅ አዳርሰን ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ፊቴ ግን ከአራተኛው ሱቅ ጀምሮ መቃጠሉን ትቶ ነበር። መሸ፣ ሱቃቸው በር ላይ ተመልሰን ቆምን። ቁልፉን ሲያዩ ቆይተው ጠየቁኝ።

"በጾሙ መሃል ማፍጠሪያ ላይ ቤቴ መጥተሽ ስትበዪ፣ ታውቂ ነበር?"

ይህን እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩትም። መጋቢት 25 ነው፣ ኢክራም ከተሰናበተች ከሁለት ቀን በኋላ። ለልጄ ምን እንደማደርግላት ምከሪኝ ብለው ጠሩኝ፣ ሄድኩ። ጾመኛ መሆኔን አስበው ለብቻዬ ሽሮና ምስር ሠርተው ጠበቁኝ። በላሁ። መከርኳቸውም። "ሰው ይረሳል እማማ፣ እርስዎም ይርሱት" አልኳቸው። ሲሸኙኝ እስከ መንገዱ መጥተው መረቁኝ።

"አውቅ ነበር" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "የእኛ ቤት ድስት ሁሉ ቅቤና ሥጋ የነካው ነው" አሉኝ። "ለአንቺ ብዬ አዲስ ገዝቼ ነበር።"

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እንድመጣ ነግረውኝ ሄዱ። ከወዲያኛው ረድፍ ያሉት ሱቆች ገና አልሰሙም።